የቤሌን ዳገት እምቢ ያለ መኪና

ሴት ልጄ ያገባችው ከእኛ ከሶዶ ወርዶ ቆላው፣ ቤሌ ነው። የመጀመሪያ ልጇን በኦፕሬሽን ስለወለደች፣ ሁለተኛውን ስታረግዝ ሐኪሙ አስጠነቀቃት። «ምጥ ሳይጀምርሽ ሶዶ ግቢ። መንገድ ላይ እንዳይዝሽ» አላት። ይህን ከሰማሁ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር ጠፋኝ። በአውቶብስ እንዳትመጣ ሰው በሰው ላይ ይጫናል። በኮንትራት እንዳትመጣ ሾፌሩን አላውቀውም፤ የማላውቀውን ሾፌር ደግሞ እፈራለሁ። ወንድሟ ግን «መኪና እያለኝ እህቴን ሌላ ሰው ያመጣታል?» ብሎ ደረቱን ነፋ።

መኪና የሚለው ያንን ከአጎቱ የገዛውን አሮጌ አውቶማቲክ ነው። በሩ ካልተደበደበ አይዘጋም። እሱንስ ለምደነዋል። የማይለመደው ሌላው አመሉ ነበር። ወደ ቤሌ ሲወርድ ምንም አይልም፤ ቁልቁለት ድንጋይም ይወርዳል። ጉዱ የሚመጣው ሲመለስ ነው። ዳገቱ ላይ ሲደርስ ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት ይበራል፣ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ግን አይሄድም። ማርሹ አንዱ ላይ ተቸክሎ አልቀየርም ይላል። አንድ ቀን እንደዚህ እያጓራን ስንንፏቀቅ አንድ ባጃጅ ደረሰብንና ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ፣

«እማማ፣ ውረጂና እኔ ላድርስሽ!» አለኝ።

ልወርድ ነበር። ልጄ እጄን ያዘኝ።

እንዲህ ሲሆንበት ልጄ ዳር ይዞ ሞተሩን ያጠፋዋል፤ ትንሽ ቆይቶ ሲያስነሳው ይሻለዋል። «አየሽ? ደህና ነው» ይለኛል።

«ትኩሳቱ በረደ ማለት ልጁ ዳነ ማለት አይደለም» አልኩት።

«እማ፣ መኪና ልጅ አይደለም።»

«ልጅ ቢሆንማ የት እንደሚያመው ይነግረኝ ነበር!»

ጋራዥ ወሰድነው። እኔም አብሬ ሄድኩ፤ ልጄ ያፍርብኝ እንጂ ቤት ተቀምጬ አላምነውም። መካኒኩ ከመሪው ሥር አንድ ትንሽ ማሽን ሰካና ስክሪኑን አየ። የካምቢዮው የፍጥነት ሴንሰር ነው አለ።

«ሴንሰር ምንድን ነው?»

«እናቴ፣ መኪናው ምን ያህል እየሮጠ እንደሆነ የሚናገር ዕቃ ነው። ወሬው ከወንበሩ ሥር ላለው ለካምቢዮው ኮምፒውተር ይደርሳል። ወሬ ካልደረሰው የትኛውን ማርሽ እንደሚያስገባ አያውቅም። ይፈራና አንዱ ላይ ይቆማል።»

ትምህርቴ ጥቂት ነው፤ ይሄ ግን ገባኝ። እኔም ስለ ልጄ ወሬ ካልደረሰኝ አንድ ቦታ ቆሜ ነው የምቀረው።

ሴንሰሩን ከመለዋወጫ ሱቅ ገዛን። ባለሱቁ አባቱ ከጉራጌ መጥተው እዚሁ ሶዶ የቀሩ፣ በዕድሜ የገፋ ነጋዴ ነው። መካኒኩ አዲሱን ገጠመና በማሽኑ መብራቱን አጠፋው። ልንሞክረው እስከ አረካ ሄድን፤ እንደ አዲስ ሆነ። ስንመለስ ቢጫው ቦግ አለ። መካኒኩ የገዛችሁት ፎርጅድ ነው አለን። ሌላ ገዛን። እንደገና ገጠመ፣ እንደገና አጠፋ፣ እንደገና በራ። በዚህ መሀል የልጄ አማት ከቤሌ ትደውላለች። «መኪናው ተነሳ ወይ? ልጅቷ እግሯ እያበጠ ነው» ትለኛለች። ምን ልበላት? ካምቢዮው ፈርቷል ልበላት?

መካኒኩ በመጨረሻ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ።

«ካምቢዮው ራሱ አልቋል። አውጥተን ማኑዋል እንግጠምለት። አውቶማቲክ ለአዲስ አበባ ሰው ነው።»

«ልጄ የምትወልደው በዚህ ወር ነው። አንተ ስትፈታና ስትገጥም ምጡ ይጠብቃታል?»

«እናቴ፣ ተረጋጊ።»

«ተረጋጊ አትበለኝ! መብራት ከማጥፋት ሌላ ምን ሠራህ? መብራትማ እኔም አጠፋለሁ!»

ልጄ እጄን ይዞ አወጣኝ። እሱ ደግሞ ሌላ ሐሳብ አልነበረውም፤ በቀጥታ ወደ መለዋወጫው ሱቅ ሄደና ያንኑ ሴንሰር ጠየቀ። ባለሱቁ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ አየው።

«እንቁላል ነው እንዴ በየቀኑ የምትገዛው?»

«ፎርጅድ እየሆነብን ነው።»

«ከእኔ ሱቅ? አልሸጥልህም።»

ነጋዴ ዕቃ አልሸጥም ሲል ያን ቀን ሰማሁ። «ጋሼ፣ ቤሌ ያለችው ልጄ ነፍሰ ጡር ናት። እባክዎ ይሽጡልን» አልኩት።

«እህቴ፣ ብሸጥልሽ ነገ ትመለሻለሽ፤ ስሜም እየጠፋ ነው። ሽቦው ይታይ መጀመሪያ። ሴንሰሩ እየተናገረ ሽቦው ካላደረሰው ማን ይሰማዋል?»

ጋራዥ ተመልሰን ይህን ስንነግረው መካኒኩ ተቆጣ። «ነጋዴ ደግሞ መካኒክ ሆነ!» አለ። ቢሆንም ፊቴን አየና ከመኪናው ሥር ገባ። ሽቦውን ከካምቢዮው ጀምሮ በጣቱ እየዳሰሰ ተከተለው። ሽቦው ወደ ውስጥ ሲገባ እሱም ተከትሎ ገባ። እኔ የምቀመጥበትን የፊት ወንበር ፈታና ምንጣፉን ገለጠው።

ሽታው በር ላይ ሆኜ አገኘኝ። የከረመ ቅቤ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ለአዲስ ዓመታችን፣ ለጊፋታ፣ ቤሌ ሄደን ነበር። አማቾቻችን ደግሞ እንግዳ ባዶውን የሚሸኙ ሰዎች አይደሉም። የኋላውን በስኳር ድንችና በበቆሎ ሞሉት። ቅቤው በኮባ ተጠቅልሎ መጣ፤ ቦታ ሲጠፋ ልጄ እግሬ ሥር አስቀመጠው። በቤሌ ሙቀት ቅቤ እግር ሥር ምን እንደሚሆን መናገር አያስፈልግም። ቤት ስንደርስ ልጄ ላይ ላዩን ጠረገው። የቀረው ምንጣፉን አልፎ ወርዶ ነበር፤ ሽቦው ያለውም እዚያው ነው። ቅቤውን ተከትላ አይጥ ገብታለች። አይጧ ቅቤ የነካውን ሁሉ ስትበላ የሽቦውን ልባስ አብራ በልታዋለች።

መካኒኩ የተበላውን ሽቦ ይዞ እየሳቀ ወጣ። ጋራዡ ሁሉ ሥራውን ትቶ መጣ።

«እናቴ፣ ካምቢዮሽን የጨረሱት አማቾችሽ ናቸው!»

«ለሚቀጥለው ዳጣም ይላኩ፤ አይጧ ያለ ማባያ ነው የበላችው!» አለ ሌላው።

ሁሉም ሳቁ። ልጄም ሳቀ። እኔ ማን ላይ እንደምናደድ እንኳ አላወቅሁም። አማቾቼን «ቅቤ አትስጡኝ» አልላቸው፤ የሰው ቅቤ መመለስ ፊታቸው ላይ እንደ መትፋት ነው። አይጥ ላይ እንዳልናደድ አይጥ ናት። ስለዚህ ልጄ ላይ ዞርኩ። ስንት ጊዜ ነው ይሸታል ያልኩት? «ይሸታል» ባልኩት ቁጥር ሽቶ ገዝቶ መስታወቱ ላይ ሰቀለ። አንዱ ሽታ በሽቶ ይሸፍናል፣ ሌላው መብራት በማሽን ያጠፋል፤ የሚያመውን የሚፈልግ ጠፋ።

ሽቦው ተቀጠለ፣ ተጠቀለለ፣ ታሰረ። ወደ ዳሞታ ተራራ በሚያስወጣው ዳገት ሞከርነው። ማርሹ ያለ ጩኸት ተቀያየረ። መካኒኩ ከመሰናበቱ በፊት ግን፣

«የጭስ ማውጫው ሴንሰርም አርጅቷል። መብራቱ ሊመለስ ይችላል። ማርሹ እስከተቀያየረ ድረስ አትደንግጡ» አለ።

አትደንግጡ! እኔን እንደዚያ ማለት ውሃን አትፍሰሽ እንደ ማለት ነው።

በማግስቱ ወደ ቤሌ ወረድን። ልጄን ፊቷ አብጦ፣ ሆዷ ወርዶ አገኘኋት። ከኋላ ትራስ ደግፌ አስቀመጥኳትና እኔ አጠገቧ ሆንኩ። ዳገቱን ስንጀምር ጸሎቴን በልቤ ያዝኩ። መሀል ላይ ቢጫው ቦግ አለ።

ወንድሟ ነዳጁን ረገጠ። የእኔ ጆሮ ሞተሩ ላይ ነበር። ሲጮኽ እጠብቃለሁ፣ ማርሹ ሲቀየር ሞተሩ ዝቅ ይላል፣ እኔም እተነፍሳለሁ።

«እማ፣ ምን ሆንሽ?» አለችኝ ልጄ።

«ምንም።»

«ታዲያ እጄን ልቀቂያ፣ ደሙ ቆመ።»

ወንድሟ ከፊት ሳቀ። «መኪናው ተሻለው፣ አሁን የሚንቀጠቀጠው እማ ናት» አለ።

«አንተ ፊትህን እይ!» አልኩት።

ሶዶ ገባን። ቤት ሳንሄድ በቀጥታ ሆስፒታል ወሰድናት። መረመሯት። ምጥ አልጀመራትም፤ የሕፃኑም ልብ ደህና ይመታል፤ ቤት ትረፍና ቀጠሮዋን ትጠብቅ አሉን። ስወጣ ልጄ መኪናውን ተደግፎ እንደ ሙሽራ ይስቃል።

«አየሽ? አደረሰን። ስትወልድም እኔ ነኝ የማመጣት።»

ቁልፉን ስጠኝ ብዬ እጄን ዘረጋሁ። የምጫወት መስሎት ሰጠኝ። ቤት ከደረስን በኋላ ግን ቁልፉን ነጠላዬ ጫፍ ላይ ቋጠርኩት። ቢለምነኝ፣ ቢያኮርፈኝ፣ በእህቱ ቢያስለምነኝ አልፈታሁም።

«እማ፣ ድንገት ሌሊት ቢይዛትስ?»

«ከቤታችን ሆስፒታሉ በእግር ይደረሳል» አልኩት። «አንተ በአንድ በኩል ትደግፋታለህ፣ እኔ በሌላው።»