ለቡና የተገዛችው ካሜራ

«ስልክ አይሆንም አልኩሽ እኮ፣ ሀሊማ! ስልክ ያሳምራል።»

«ቢያሳምር ምን አለበት፣ አዴ ሙና? የልጄ ፊት ነው።»

«የልጅሽ አይደለም፣ የስልኩ ነው። እኔ ደግሞ ለወንድሜ ስልክ አልድርለትም።»

አዴ ሙና ይህን ብላ የእናቴን ስልክ መለሰችላትና ከቦርሳዋ አንዲት ትንሽ ካሜራ አወጣች። መዳፍ ውስጥ የምትገባ፣ ብርማ፣ ጠርዟ የተላጠ። ቁልፉን ስትጫነው ሌንሱ እየጮኸ እንደ ኤሊ አንገት ብቅ አለ።

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ቡና በሚለቀምበት ወቅት፣ ጂማ ጊንጆ በሚገኘው ቤታችን ሳሎን ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ። የዚያችን ካሜራ ድምፅ ግን መስታወት ፊት በቆምኩ ቁጥር እሰማዋለሁ።

አዴ ሙና፣ ወይዘሮ ሙና እንደማለት ነው፣ የሰርቦ ከተማ ቡና ነጋዴ ናት። ፊት ለፊት «እርስዎ» እላት ነበር፤ እዚህ ጽሑፍ ላይ ግን ትቼዋለሁ። ዱባይ ለሚሠራ ወንድሟ ሚስት ታፈላልጋለች። እናቴ በዕድሜ ትበልጣታለች፤ ያም ሆኖ አንቱ ባይዋ እናቴ ነበረች።

እውነቱን ለመናገር ጋብቻውን እኔም ፈልጌው ነበር። ሰውዬውን አላውቀውም፤ የፈለግሁት መንገዱን ነው። ትምህርት ከጨረስኩ ጀምሮ ሥራዬ ግጥም መጻፍ፣ የጻፍኩትን መቅደድ፣ ሲሰለቸኝ መናኸሪያ ሄጄ የሚሳፈሩትን ሰዎች ማየት ነበር። ከሚሳፈሩት አንዷ መሆን አማረኝ።

ግራ ጉንጬ ላይ፣ ከጆሮዬ ሥር ወደ አገጬ የሚወርድ የቃጠሎ ጠባሳ አለኝ። ሕፃን ሳለሁ የጋለ ዘይት ፈስሶብኝ ነው። ዘይቱን የደፋችው እናቴ እንደሆነች አክስቴ ነግራኛለች፤ እናቴ ግን ማወቄን አታውቅም። የእናቴ ስልክ ያንን ጠባሳ ይበላዋል። ስታነሳኝ ፊቴ እንደ ሻማ ልሙጥ ሆኖ ይወጣል። ብቻዋን ስትሆን ያንን ፎቶ እያሰፋች ስታይ አይቻታለሁ።

አዴ ሙና ካሜራዋን የገዛችው ለቡና ነበር። ድሮ የእሸት ቡና ፎቶ በስልኳ እያነሳች ለገዢ ትልክ ነበር አሉ። ስልኩ ታዲያ ቀዩን ይበልጥ አቀላው፣ ያልበሰለውንም አበሰለው። ቡናው ሲደርስ ገዢው በሰው ፊት ሌባ ብሎ ሰደባት። ከዚያ ወዲህ ቡናዋን ነጭ ሳህን ላይ ዘርግታ በዚህች ካሜራ ብቻ ታነሳለች።

«ይህቺ ዱጋ ነው የምትናገረው፣ እውነት ብቻ» አለች ካሜራዋን እየዳበሰች። «የራሷ ሐሳብ የላትም። ብትወድቅ አትሰበር፣ ከጡት መያዣም ከኪስም ትገባለች፣ ማንም አያይብሽም።»

ከዚያ ከቦርሳዋ የታጠፈ አንሶላ አወጣችና ግድግዳው ላይ በምስማር አንጠለጠለች።

«ቡና ነጭ ሳህን ላይ፣ ሰው ነጭ አንሶላ ላይ!» ብላ ሳቀች።

እናቴም አብራት ሳቀች።

በዚያን ሰዓት መብራት ጠፍቶ ነበር። እናቴ ፓውደር ቀብታኝ፣ ሻርፔን ወደ ፊት ስባልኝ፣ ቀኝ ጉንጬን ወደ መስኮቱ አድርጋ አስቀምጣኛለች። አዴ ሙና አንሶላው ሥር አቆመችኝ።

«ወደ ቀኝ ዙሪ። ወደ ግራ። ሻርፑን ትንሽ መለስ አድርጊው። ጥርስሽን አሳዪ። አትሳቂ፣ አሳዪ ብቻ።»

አሳየሁ።

«ግጥም ትጽፋለች አሉኝ፣ ሀሊማ። ግጥም በልቶ የጠገበ ባል እስካሁን አላጋጠመኝም።»

«ትተወዋለች፣ አዴ ሙና። የልጅነት ነገር ነው» አለች እናቴ።

ካሜራዋ ደጅ፣ ፀሐይ ላይ ጎበዝ ሳትሆን አትቀርም። የእኛ ሳሎን ግን አሸነፋት። ፍላሿ ከሌንሷ አጠገብ ስለሆነ ብርሃኑን በቀጥታ ዓይኔ ውስጥ ትረጨዋለች። መጀመሪያ ያነሳችኝ ላይ ዓይኔ እንደ ጅብ ቀልቶ ወጣ። ባትሪዋም መሃል ላይ አለቀ፤ አዴ ሙና ሌላ እስክትቀይር ድረስ ጥርሴን እንዳሳየሁ ቆምኩ።

ሲያልቅ ሦስታችንም የክብሪት ቀፎ በምታክለው ስክሪን ላይ ተደፋን። ጠባሳዬ የለም። በትንሽ መስኮት ሲታይ ሁሉም ነገር ያምራል።

«ማሻአላህ» አለች አዴ ሙና። እናቴ የያዘችውን ትንፋሽ ለቀቀችው። እኔም በልቤ ሻንጣዬን ማዘጋጀት ጀመርኩ።

በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሳ መጣች። ገና ከመቀመጧ ጀመረች።

«ቴሌቪዥን ላይ ሰክተን አየነው፣ ሀሊማ። ጉንጯ ግድግዳውን ሞላው። ለምን አልነገርሽኝም? ወንድሜ ከዱባይ ደውሎ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? ‹የቡና እንከን ከሩቅ የምትለይ ሴት፣ የእኔ ሲሆን ዓይንሽ ጠፋ ወይ?› አለኝ።»

«ማሎ፣ እባክዎ፣ አዴ ሙና» አለች እናቴ። «ልጅ ሆና እኮ ነው። ራሷ ናት ድስቱን ጎትታ የደፋችው።»

ይህን ስትል ወደ እኔ አላየችም። ምንጣፉን ነበር የምታየው።

«አላህ የጻፈው ነው፤ አልከስሳትም። ግን አይሆንም» አለች አዴ ሙና። ከዚያም ወሬው እዚያ ላይ እንዳለቀ ሁሉ ካሜራዋን አወጣች። «ከየቡ ከተማ ነው የምመጣው። ዛሬ ያነሳሁትን ቡና ገዢው እየጠበቀኝ ነው፤ ሌላም ማንሳት አለብኝ፣ ይህቺ ግን ሞላሁ አለች።»

ወደ እኔ ዘረጋችልኝ።

«ነይ እስቲ የእኔ ልጅ፣ ቁልፎቿ ትንንሽ ናቸው፣ ዓይኔም አያይልኝም። ያንቺን ፈልጊና አጥፊልኝ። ለቡናው ቦታ ይሁን።»

አነጋገሯ ውስጥ ክፋት አልነበረም። ብርጭቆ አቀብዪኝ እንደማለት ነበር። የባሰውም እሱ ነው።

ተቀበልኳት። ቀላል ናት፤ የፀሐዩ ሙቀት ይሁን የሴትዮዋ አላውቅም፣ ሞቃለች። ወደ ኋላ እያገላበጥኩ ራሴን ፈለግሁ። ቡና ነጭ ሳህን ላይ። ቡና። ልጅ ነጭ አንሶላ ላይ። ቡና። ሌላ ልጅ፣ ወደ ግራ የዞረች። ቡና። ከእኛ ቤት በታች ካለው ሱቅ የምትሸጠው ነጃት፣ ጥርሷን ያሳየች። ያልሳቀች።

ሁላችንም ያው አንሶላ ላይ ነበርን። ነጃት ጠዋት ጠዋት ዳቦ ስትሸጥልኝ አንድም ቀን አልነገረችኝም። እኔም አልነገርኳትም።

ከዚያ ራሴን አገኘሁ። የቆሻሻ ቅርጫት ምልክት ያለበትን ቁልፍ ስጫን ካሜራዋ ጥያቄ አቀረበችልኝ፤ ይህ ብቻ ይጥፋ ወይስ ሁሉም? ሁሉም አልኳት። እርግጠኛ ነሽ ወይ ብላ ደግማ ጠየቀችኝ። ከዚያ ሁሉ ሽር ጉድ ውስጥ ፈቃዴን የጠየቀችኝ እሷ ብቻ ናት።

እርግጠኛ ነበርኩ።

«ጨረስሽ?» አለች አዴ ሙና።

«ጨርሻለሁ። እንከኑን ለይቼ አወጣሁልዎ።»

ፈገግ ብላ ተቀበለችኝ። ቁልፉን ተጫነች። ደግማ ተጫነች። ካሜራዋን ወደ መስኮቱ አስጠግታ ዓይኗን አጠበበች።

«ቡናዬስ?» አለች። «የየቡው ቡናዬስ የታለ?»

ስለ ልጆቹ አልጠየቀችም።

«ቦታ ፈልገው አልነበር? ይኸው ቦታ» አልኳት።

እናቴ «ያ ረቢ!» ብላ አፏን ያዘች። አዴ ሙና ሌንሱን እንኳ ሳትመልስ ካሜራዋን ቦርሳዋ ውስጥ ወረወረቻት፤ ሌንሱ ዚፑ ላይ ተሰንቅሮ ሲንጫጫ ይሰማ ነበር።

«ጉንጭሽ ላይ ያለውንስ ሻርፕ ይሸፍነዋል» አለችኝ። «ምላስሽን ምን ይሸፍንልሽ?»

በሩን ወለል አድርጋ ትታው ወጣች። ባጃጅ ስትጣራ ሰማናት።

በኋላ እንደሰማሁት፣ በማግስቱ የቡ ተመልሳ ቡናውን እንደገና አነሳች። ልጆቹንም ቤት ለቤት ዞራ አነሳቻቸው፤ እንቢ ያለች የለችም። ነጃት ዛሬ ዱባይ ናት። እኔ የፈለግሁትን መንገድ እሷ ሄደችበት። ከሁሉም ውስጥ በትክክል የጠፋሁት እኔ ብቻ ነኝ። ያም ሆኖ ያቺን ቁልፍ በመጫኔ አይቆጨኝም። ካሜራዋንም አልጠላትም፤ ያየችውን ተናገረች እንጂ ማንንም አልሰደበችም። እንቅልፍ የሚነሳኝ ከዚያ ቀን የቀረው ነገር ነው።

ያን ቀን አዴ ሙና እንደወጣች፣ እናቴ ክፍቱን በር እያየች ቆማ ነበር።

«ምን ሆነሽ ነው?» አለች። «ለዚህ ፊት ሌላ ማን ይመጣል? ንገሪኝ እስቲ፣ ማን ይመጣል?»

«ይህን ፊት ማን ሠራው?» አልኳት። «ድስቱን የጎተትኩት እኔ አይደለሁም፣ ኡሚ። ዘይቱን የደፋሽው አንቺ ነሽ።»

ማን ነገረሽ አላለችኝም። ውሸት ነው አላለችኝም። ጠባሳዬን አየችው፤ ስልኩ ከመጣ ወዲህ በዓይኗ ብቻ ስታየኝ ያን ቀን የመጀመሪያዋ መሰለኝ። ከዚያ ስልኳን ከጠረጴዛው አንስታ ደረቷ ላይ ያዘችው፤ ወደ መኝታ ክፍሏም ገባች።

በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው።