ቀዝቃዛ፣ ደረቅ፣ ጨለማ

ልጄ የመጀመሪያውን ጠርሙስ ከደንሃግ ይዛልን የመጣች ዕለት፣ ከእጇ ተቀብዬ መጀመሪያ ያነበብኩት ጀርባውን ነው። ሰው ሁሉ ፊት ለፊቱን ነው የሚያየው። ፊት ለፊቱ ላይ አረንጓዴ ቅጠል ተስሏል፣ ከሥሩ «ሲቢዲ» ተብሎ በትልቁ ተጽፏል፣ ከካናቢስ ተክል የሚወጣ የማያሰክር የሕመም ማስታገሻ ዘይት ነው፤ ያ ለገዢ ነው። ለሚያስቀምጠው ሰው የተጻፈው ከኋላ፣ ጉንዳን በምታህል ፊደል ነው። ቀዝቃዛ፣ ደረቅና ጨለማ ቦታ ይቀመጥ፤ ክዳኑ ይጥበቅ፤ ከተከፈተ በስድስት ወር ውስጥ ይለቅ። መነጽሬን አድርጌ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ይህን ለማክበር ፈቃደኛ ያልሆነ ሰው ዘይቱን ባይገዛው ይሻለዋል።

አዲስ አበባ እያለሁ የአንድ ሆስፒታል የመድኃኒት ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበርኩ፤ አሥራ አንድ ዓመት። ቁልፉ ከወገቤ አይወርድም ነበር። ዳይሬክተሩ ራሱ ለራስ ምታቱ አስፕሪን ሲፈልግ ፈርሞ ነው የሚወስደው። እዚህ ሆላንድ ከመጣሁ በኋላ ስኪፖል አውሮፕላን ማረፊያ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ወለል ጠርጌያለሁ፣ እሱንም ቢሆን አሳምሬ ነው የጠረግሁት። «ሥራህ ምንድን ነው?» ላለኝ ሁሉ የምመልሰው ግን እስከ ዛሬ የግምጃ ቤቱን ነው። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ «ገና ዛሬ ከሥራ የተመለስክ ነው የምትመስለው» እያለች ትስቅብኛለች።

ዘይቱ የእሷ ነው። ዛንዳም ውስጥ ምግብ የሚያሽግ ፋብሪካ፣ ቀዝቃዛው ክፍል ውስጥ ስንት ዓመት ቆማ ስትሠራ ጣቶቿና ትከሻዋ ተጎድተው ቀሩ። የቤተሰብ ሐኪማችን ከምትወስዳቸው ክኒኖች ጋር እንዳይጋጭ አይቶ ፈቀደላት፤ ጠዋት ሦስት ጠብታ፣ ማታ ሦስት ጠብታ፣ ከምላስ ሥር። ይፈውሳል አልልም፣ ሐኪምም አይደለሁም። እሷ ግን ትከሻዬ ከእንቅልፌ አይቀሰቅሰኝም ትላለች፤ የሻይ ብርጭቆዋንም በአንድ እጇ ማንሳት ጀምራለች። ለእኔ ይህ ይበቃኛል።

ኦስዶርፕ በሚባል ሠፈር ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የምንኖረው። ለጠርሙሱ ቦታ መምረጥ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። የኩሽናው መስኮት የከሰዓት ፀሐይ ይመታዋል። መታጠቢያ ቤቱ እንፋሎት ነው። ልጄ «እዚህ ጋ አድርገው በቃ» ብላ ያሳየችኝ ከምድጃው በላይ ያለውን መደርደሪያ ነበር፤ ጠርሙሱን ከእጇ ወሰድኩ። ማቀዝቀዣ ውስጥ አንድ ቀን አሳደርኩትና ዘይቱ ወፈረ፣ ጠብታ መሳቢያው አልስብ አለ፤ ቀዝቃዛ ያሉት ያን ያህል እንዳልሆነ ገባኝ። ከዚያ ቴርሞሜትር ይዤ ክፍል ለክፍል ዞርኩ። በመጨረሻ ያገኘሁት የመኝታ ቤታችንን ቁም ሣጥን ነው፤ የታችኛው መደርደሪያ፣ ከራዲያተሩ የራቀው ጥግ፣ ጠዋትም ማታም አሥራ ስምንት ዲግሪ። የተከፈተበትን ቀን በማይለቅ እስክርቢቶ ጠርሙሱ ላይ ጻፍኩ። ጠብታ መሳቢያው ምላሷን እንዳይነካ፣ ማንኪያ ላይ አንጠብጥባ እንድትወስድ ለባለቤቴ ነገርኳት፤ ምራቅ የገባበት ዘይት አይበረክትም።

«ቅባ ቅዱስ አደረግከው እኮ!» አለችኝ።

በሁለተኛው ወር ዘይቱ ተበላሸ። ክዳኑን ስከፍተው የከረመ የኑግ ዘይት ሽታ ሸተተኝ። ልጄ ሌላ ጠርሙስ አመጣችልን፣ በዚያው ቦታ በዚያው ጥንቃቄ አስቀመጥኩት፤ እሱም ወር ሳይሞላው ጠቆረና መረረ። እኔ ያስቀመጥኩት ዕቃ ተበላሽቶ አያውቅም። ፋብሪካውን ጠረጠርኩ፣ ልጄ የምትገዛበትን ሱቅ ጠረጠርኩ፣ ራሴን ለመጠርጠር ግን ጊዜ ወሰደብኝ።

አንድ ሰኞ ልጄ እናቷን ሐኪም ቤት ልታደርስ መጣች። ፎጣ ልታወጣ ኮሪደሩ ላይ ያለውን የማሞቂያ ቦይለር ቁም ሣጥን ከፈተች። በሁለተኛው ምትክ ያመጣችልን ሦስተኛው ጠርሙስ ቦይለሩ አናት ላይ፣ ፎጣዎቹ መሃል ተቀምጧል። በእጇ ስትነካው ሞቋል።

«አባዬ፣ ኤርላይክ» አለችኝ በሆላንድኛ፣ «እውነቱን ንገረኝ፤ አንተ ነህ እዚህ ያስቀመጥከው?»

እናቷንም ጠየቀቻት። ባለቤቴ ጫማዋን እያሰረች «እኔ እንጃ» አለች።

እኔ ደግሞ ማስቀመጤ ትዝ አይለኝም። አለማስቀመጤንም መማል አልቻልኩም። በዚያ ሰሞን ሁለት ጊዜ ክኒኖቿን ከመድኃኒት ቤት ማምጣት ረስቼ ነበር፤ አንድ ቀን ደግሞ ከትራም ያለ ፌርማታዬ ወርጃለሁ። ጠርሙሱን በእጄ ይዤ ቆሜ፣ አእምሮዬ ከእኔ ተደብቆ ሌላ ሥራ የጀመረ መሰለኝና ፈራሁ። በሕይወቴ ከብዙ ነገር ሸሽቻለሁ፤ እንደዚያ ፈርቼ ግን አላውቅም።

ልጄ ክፉ አይደለችም። ስለምትወደን ነው ለእንክብካቤ ድርጅት ስልክ የደወለችው። የቤት ለቤት እንክብካቤ ሠራተኞች የሚያመጡት የሚቆለፍ ሣጥን አለ፤ ክኒኑም ዘይቱም እዚያ ይገባል፣ የሚከፈትበትን ቁጥር የሚያውቁት እነሱ ብቻ ናቸው፣ ጠዋትና ማታ መጥተው ከፍተው ይሰጣሉ። በአምስተኛው ሳምንት ነርስ መጥታ ቤታችንን አይታ ትወስናለች። ይህን ሁሉ ልጄ እጄን ይዛ፣ ቀስ ብላ፣ ለሕፃን እንደሚነገር ነገረችኝ። በገዛ ቤቴ እኔ የማልከፍተው የመድኃኒት ሣጥን ሊገባ ነው። ተናድጄ መጮህ ነበረብኝ፣ ንዴት ሲመጣብኝም አይቸግረኝም፤ ግን ልጄ ልክ ብትሆንስ ብዬ ዝም አልኩ።

ግምጃ ቤት ውስጥ ዕቃ ሲጎድል አይለቀስም፣ ካርድ ይታያል። ልጄ አዲስ ጠርሙስ ባመጣች ማግስት በወፍራም ወረቀት አንድ ቢን ካርድ፣ ማለት የዕቃ መቆጣጠሪያ ካርድ፣ ሠራሁ፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ሙቀት፣ ዕቃው በቦታው አለ ወይስ የለም፣ ፊርማ። መደርደሪያው ላይ የጠርሙሱን ዙሪያ በእርሳስ አሰመርኩ። ከቁም ሣጥኑ በር ጀርባ ካርዱን ሰቅዬ በቀን ሦስት ጊዜ እያየሁ ሞላሁ። ሰኞ አለ። ማክሰኞ አለ። እስከ እሑድ ጠዋት አለ። እሑድ ከሰዓት የለም። ሰኞ ጠዋት እንደገና አለ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የባለቤቴ የማኅበር ጓደኞች ከሮተርዳም ይመጣሉ። እነሱ ሲመጡ እኔ ወጥቼ ሠፈራችን ያለውን ሐይቅ አንድ ዙር እዞራለሁ፤ እኔ ካለሁ ጨዋታው አይደምቅላቸውም። በቀጣዩ እሑድ ኮቴን ለበስኩ፣ «ደህና ዋይ» አልኳት፣ በሩን ከፍቼ ዘጋሁና በእግሬ ጣት ተመልሼ መኝታ ቤት ገባሁ። ከአልጋው ማዶ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። በዚህ ዕድሜዬ ወለል ላይ መቀመጥ ቀላል ነገር አይደለም።

የበሩ ደወል ሲጮህ ባለቤቴ እየሮጠች ገባች። ቁም ሣጥኑን ከፍታ ጠርሙሱን አወጣች፣ በነጠላዋ ጠቀለለችው፣ ዞር ስትል አየችኝ።

«በስመ አብ! አንተ ምን ትሠራለህ እዚህ?»

«አንቺስ?»

ደወሉ ደግሞ ጮኸ። ሴቶቹ እስኪሄዱ ድረስ የጠየቅኩትን ሳላገኝ፣ ወገቤን አሞኛል ብዬ እነሱው መሃል ተቀምጬ ዋልኩ። ከሄዱ በኋላ ነው የነገረችኝ። ሴቶቹ ኮታቸውን የሚያስቀምጡት መኝታ ቤታችን አልጋ ላይ ነው፤ ነጠላውን ልስቀል ብላ ቁም ሣጥኑን የምትከፍት አትጠፋም፤ ጠርሙሱ ላይ ያለውን ቅጠል ደግሞ በዚህ አገር የማያውቀው የለም።

«ሐሺሽ የምታጨስ ሴት ልባል? እኔ?»

«የሚጨስ አይደለም እኮ! ዘይት ነው!»

«ሂድና ለእነሱ አስረዳ! ፎጣ መሃል ማንም አያየውም ብዬ ነው። ሲሄዱ እመልሰዋለሁ እላለሁ፣ ይረሳኛል። አንዳንዴ እስከ ማክሰኞ እዚያው ይውላል።»

ይረሳኛል ስትል ሳቄ መጣ። የረሳሁት እኔ አይደለሁም! ደስታዬ ከደቂቃ አላለፈም፣ ወዲያው ደሜ ፈላ። ልጅሽ ስትጠይቅሽ እኔ እንጃ አላልሽም ወይ? እኔ ሦስት ሳምንት ሙሉ አበድኩ ብዬ ስብሰለሰል እያየሽ ዝም አላልሽም ወይ? አለቀሰች። «አንተ ብትረሳ ታዝንልሃለች። እኔ ዋሽቼ እንደነበር ብታውቅ ግን በምን ዓይን ታየኛለች? አደራህን አትንገራት» አለችኝ። አርባ ዓመት ያህል አብረን ስንኖር አደራ ብላ የለመነችኝ ጥቂት ነገር ነው። ቃል ሰጠኋት። ሞኝ ነው በሉኝ፤ ሚስቴ ናት።

በማግስቱ የሻይ ቅጠል የነበረበትን የቆርቆሮ ሣጥን አጥቤ፣ ሽታው እስኪጠፋ አናፍሼ፣ ጠርሙሱን እዚያ ውስጥ አደረግሁት። ክዳኑ ጥብቅ ነው። ብርሃን አይገባውም፣ ቅጠሉም አይታይም። በእሑዱ የማኅበሩ ሴቶች አጠገቡ ነጠላቸውን ሰቀሉ፣ አንዷም ነገሬ አላለችውም። ባለቤቴ «ምነው ይህን ከመጀመሪያው ባደረግከው» ብላ ጥፋቱን ወደ እኔ ልታዞረው ሞከረች።

ነርሷ የመጣችው ሐሙስ ጠዋት ነው። ረጅም ሴት ናት፣ ማንም ሳይነግራት ጫማዋን በሩ ላይ አወለቀች፣ ያን ጊዜ ወደድኳት። በቋንቋቸው እርስዎ እያለች ነው ያናገረችኝ። ልጄ ከጎኔ ሆና ስታስተረጉም እርስዎው አንተ እየሆነ ይደርሰኛል፤ እዚህ ያደገ ልጅ ነው ምን ይደረግ። ቁም ሣጥኑን ከፍቼ አሳየኋት። ቀኑ ቶሎ የሚያልፍበት ክኒን ከፊት፣ የሚቆየው ከኋላ ተደርድሯል። ቴርሞሜትሩ አለ። ካርዱን ከበሩ ጀርባ አውርጄ ሰጠኋት፤ እያንዳንዱን ዓምድ እየጠቆመች ጠየቀችኝ፣ እኔም በተሰባበረው ሆላንድኛዬ ራሴ መለስኩላት። የዘይቱን ጠርሙስ ወደ ብርሃን አንስታ አየችው፤ ወርቅ ይመስላል። ክዳኑን ከፍታ አሸተተችና በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

ሳሎን ስንቀመጥ ግን ወረቀቷን ገለጠች።

«እዚህ የተጻፈልኝ» አለች፣ «ቀደም ሲል ሁለት ጠርሙስ ተበላሽቷል፣ ሦስተኛው ቦይለር ላይ ተገኝቷል ይላል። እርስዎ ነዎት ያስቀመጡት?»

የባለቤቴን ፊት አላየሁም። ምንጣፉን አየሁ።

«አላውቅም» አልኩ።

ግምጃ ቤት ያስተዳደረ ሰው የማይለው ቃል ነው። ልጄ ትከሻዬን ዳበሰችኝ፣ ያ ደግሞ ከሁሉ ከበደኝ። ነርሷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ስለ ሣጥኑ ማስረዳት ጀመረች፤ ከቦርሳዋ ፎቶውን አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አደረገችው። ግራጫ ብረት ነው፣ ፊቱ ላይ ቁጥር ያለበት።

«ኢክ» አለች ባለቤቴ።

ሁላችንም ዞርን። ባለቤቴ ፈረንጅ ፊት ሆላንድኛ አትናገርም። ሐኪም ቤት እንኳ ታፍራለች፣ ልጄ ናት የምትናገርላት። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ቃል በቃል እየለቀመች፣ «ኢክ ሄብ ሄት ጌዳን» አለች። እኔ ነኝ ያደረግሁት ማለቷ ነው። ከዚያ ወደ ልጃችን ዞራ በአማርኛ ዘረገፈችው፤ ቅጠሉን፣ ኮቱን፣ ፎጣውን፣ «እኔ እንጃ» ያለችውንም።

«ዋሽቼሻለሁ ልጄ። አባትሽ ያውቅ ነበር፤ እኔ ለምኜው ነው ዝም ያለው። እሱ ያስቀመጠው ነገር ተበላሽቶ አያውቅም። አስተርጉሚላት፤ ሁሉንም፣ አንዲት ቃል እንዳታስቀሪ!»

ልጄ አንዲት ቃል ሳታስቀር አስተረጎመች። እኔ በብዙ ነገር የምኮራ ሰው ነኝ፣ ኩራት አብዝተሃል የሚሉኝም አሉ። በዚያ ሰዓት ግን ራሴን ረስቼ የኮራሁት በሚስቴ ነው። አንገቷን አልደፋችም።

ነርሷ እስከ መጨረሻው አዳመጠች። ከዚያ ፎቶውን ወደ ቦርሳዋ መለሰችና ሌላ ቅጽ አወጣች። ጥያቄዎቹን አንድ ባንድ ሞላች፤ መጨረሻው ላይ ስትደርስ ወደ ልጄ ቀና ብላ፣ በዚህ ቤት ለመድኃኒቱ ኃላፊው ማን እንደሆነ ጠየቀቻት። ልጄ ዓይኗን በእጇ ጠረገች።

«አባቴ ናቸው» አለች። መጀመሪያ ያለችው በአማርኛ ነው፣ ለነርሷ በቋንቋዋ ደገመችላት።

ነርሷ እስክርቢቶዋን ይዛ ስሜን ጠየቀችኝ። ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩና ስሜን ከነአባቴ ከነአያቴ ነገርኳት፣ ፊደል በፊደል። መስመሩ አልበቃትም፤ ጠርዙ ላይ ቀጠለችበት።