የምትግለዋ ሬዚስተር

ሬዲዮ ሠሪው እናቱን የሚያነጋግራት በማይክሮፎን ነው። ጆሮዋ ከከዳት ስድስት ዓመት ሆኗታል። ጆሮ ውስጥ የሚገባውን ትንሹን መሣሪያ አንድ ሳምንት ሞክራ፣ "ትንኝ ገባብኝ" ብላ መሳቢያ ውስጥ ጣለችው። ያኔ እሱ በወጣትነቱ የገጣጠመውን ግዙፍ ድምፅ ማጉያ አምፕሊፋየር አቧራውን አራግፎ፣ ትልቅ የጆሮ ማዳመጫ ሰክቶ ከወንበሯ አጠገብ አቆመላት። ድምፁ ወፍራም ስለሆነ ትሰማዋለች። ፊደል ስላልቆጠረች ጽፎ ማሳየት አይሆንለትም። ማታ ማታ እሱ የውሎውን ያወራል፣ እሷ ታሽሟጥጠዋለች።

"ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲሉ ተረት ይመስለኝ ነበር" ትላለች።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት በወሬ መሀል የሚቃጠል ነገር ሸተተው። ክዳኑን ቢከፍት ኃይል ከሚያከፋፍለው ክፍል ውስጥ የኤሌክትሪኩን ፍሰት የምትገታ አንዲት ሬዚስተር ጠቁራለች። ጣቱን ቢያስጠጋ ስለፈጀችው ቶሎ ሰበሰበ።

"ቀላል ነው፣ ከምሳ በኋላ እናወራለን" አላት።

ሱቁ ውስጥ ቢሆን እንዲህ አይልም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለደንበኞቹ ሲናገር የኖረው፣ "የሚግለው አይደለም ጥፋተኛው፤ የሌላውን ሸክም ተሸክሞ ነው" እያለ ነው። እናቱ ግን ማዳመጫዋን እንዳጠለቀች ቁጭ ብላ ታየዋለች። ቸኮለ። ሬዚስተሯን ቀየረ፤ አዲሷም ጋለች። ሙቀት የምትችል ወፍራም አስገባ።

"ይሰማል፣ እማዬ?"

"ይሰማል። እንደ አባትህ አትጩህብኝ።"

ሁለት ቀን አወሩ። በሦስተኛው ቀን ከሥራ ሲገባ ክፍሉ በጭስ ታፍኗል፤ እናቱ መስኮቱ ስር ታስላለች። አምፕሊፋየሩን ሲከፍት የመብራቱን ኃይል ተቀብሎ የሚመጥነው ትራንስፎርመር ቀልጧል። ከጎኑ ቅዳሜ ዞር ብሎ ያላየው፣ ኃይል የሚያጠራቅመው አሮጌ ካፓሲተር ሆዱ አብጦ ተቀምጧል። ኃይሉን ሲመጥ የኖረው እሱ ነው። የመጀመሪያዋ ሬዚስተር የጠቆረችው ትራንስፎርመሩን ከመቃጠል ስትጠብቅ ነበር፤ ወፍራሟ ግን ኃይሉን ሁሉ አሳለፈችው።

እንዲህ ያለ ትራንስፎርመር ከገበያ ከጠፋ ቆይቷል። የቀለጠውን ሽቦ እንደ አዲስ የሚጠመጥምለት ሰው ፈለገ፤ ያገኘው አንድ ሰው ሙያውን ትቶ የበር ቁልፍ ይቀርጻል። "ወንድሜ፣ ማሽኑን ለቁራሌው ሰጠሁት፤ አሁን ዓይኔ ደክሞ እንኳን ሽቦ፣ ቁልፍ ማየትም አቅቶኛል" አለው። ሁለት አዳዲስ አምፕሊፋየሮች ተውሶ አመጣ። እናቱ ሁለቱንም አዳምጣ ራሷን ነቀነቀች፦ "ይሄም ትንኝ ነው። የራስህን ሥራልኝ።"

አርብ ማታ ከፊቷ ተቀመጠ። እሷም እንደ ልማዷ የተቃጠለው አምፕሊፋየር ላይ የተሰካውን ማዳመጫዋን አጠለቀች።

"እኔ ነኝ ያቃጠልኩት፣ እማዬ። ካፓሲተሩን አንዴ ባየው ኖሮ..."

ከንፈሩን አየች። ጠጋ ብሎ ደገመው፤ በሦስተኛው ጮኸ። የጎረቤት ውሻ መጮህ ጀመረ። እሷ የማዳመጫዋን ገመድ በጣቷ ተከትላ እስከ ጫፉ ሄደች፤ የተሰካ መሆኑን አረጋገጠች።

"ደክሞህ ከሆነ ተወው፣ ልጄ" አለች። "ነገ ታወራኛለህ።"