ለዶክቤ የተገኘችው ርካሽ ጨዋታ

ማልሱን ቀኑን ሙሉ ቶንግዮንግ ወደብ ላይ ኦይስተር የሚባለውን የባሕር ምግብ ከድንጋይ መሰል ቅርፊቱ ስትፈለቅቅ ትውልና እጇ ደንዝዞ ቤት ትገባለች። ባሏ ዶክቤ መርከብ ላይ ወድቆ ወገቡ ከተጎዳ ወዲህ ከቤት አይወጣም፤ ደስታው ከገደል ገደል እየዘለሉ የሚጫወቱት የኮምፒውተር ጨዋታ ብቻ ነው። የትልልቆቹ ኩባንያዎች ጨዋታ ውድ ነው፤ አሮጌው ኮምፒውተራቸውም አይችለውም። ስለዚህ አንድ ወይም ሁለት ሰዎች ብቻ የሚሠሯቸውን ርካሽ ጨዋታዎች እየፈለገች የምታመጣለት እሷ ናት። አብዛኞቹ አይረቡም።

«ይሄማ ሲዘል እንደ ድንጋይ ነው የሚወድቀው» ይላታል።

«አንተ ሰውዬ፣ በዚህ ዋጋ ክንፍ እንዲያወጣልህ ፈለግህ?»

ቅዳሜ ግን ከሥራ እንደገባች የተጫዋቾችን አስተያየት ስታነብ ቆይታ አንዲት ትንሽ ጨዋታ ገዛችለት። በጨዋታዋ ውስጥ ሸክም ያዘለች ሴት ከጣራ ጣራ ትዘላለች። ዶክቤ ጥቂት እንደተጫወተ እጁን ከቁልፎቹ ላይ አነሳ። ሴትየዋም ሸክሟን አውርዳ ጣራው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

«ምነው፣ ይቺም አልረባችም?» አለች ማልሱን፣ እንደገና ፍለጋ ሊጀመር ነው ብላ ልቧ ዝሎ።

«ኧረ ግሩም ናት! ቁልፉን ካልነካሁት ታርፋለች፤ እስቲ ትንሽ ትረፍ ብዬ ነው» አለና አጠገቡ ያለውን ትራስ ገፋ አደረገላት። «አንቺም ነይ፣ ተቀመጪ።»

ማልሱን ካፖርቷን እንኳ ሳታወልቅ ጎኑ ዘፍ አለች።