የእማማ ዘሀራ ሰደቃ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት የጤና ኬላውን በር የከፈተልኝ የቀበሌው ዘበኛ ነበር። ውስጡ አንድ ጠረጴዛ፣ የሕፃናት ሚዛንና የክትባት ማመላለሻ ሳጥን ብቻ አለ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ተብዬ አርዲቦ ሐይቅ ዳር ስመደብ ገና ሃያ ዓመት አልሞላኝም። ከሰዓት በኋላ ደብተሬን ይዤ ቤት ለቤት ወጣሁና መጀመሪያ ባገኘሁት ግቢ ሽንት ቤት ቆፍሩ እያልኩ ማስተማር ጀመርኩ።

የግቢው እመቤት እማማ ዘሀራ እስክጨርስ በትዕግሥት ሰሙኝና የጤና ኬላው ሽንት ቤት የት እንደሆነ ጠየቁኝ። አልነበረውም። ሳቁብኝ፤ ግን ቂጣ በእርጎ አብልተው ሸኙኝ። በሳምንቱ ባለቤታቸው አባ እንድሪስ ዶማና አካፋ የያዙ የቅሬ ሰዎች አስከትለው መጡና ጉድጓዱን ቆፈሩልኝ። ቅሬ በእኛ አገር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ የሚቀባበርበት ማኅበር ነው። አባ እንድሪስ የቅሬው ዳኛ ነበሩ።

ከዚያ በኋላ እማማ ዘሀራ ዋና ረዳቴ ሆኑ። ልጇን ለክትባት ያላመጣች እናት ካለች ቤቷ ድረስ ሄደው እየተቆጡ ያመጡልኝ ነበር።

ኮሮና ሲመጣ ከወረዳ የድምፅ ማጉያ ተሰጠኝ። አትጨባበጡ፣ ለቅሶ ቤት አትሰብሰቡ እያልኩ ዞርኩ። በዚያው ክረምት እማማ ዘሀራ በልብ ሕመም ሞቱ። ቀብራቸው ላይ ጥቂት ሰው ብቻ እንዲቆም ያደረግሁት እኔ ነኝ። የሰው ለቅሶ ቀርተው የማያውቁ ሴት እንዲያ ሄዱ። አባ እንድሪስ አልተቆጡኝም። ክልከላው ሲነሣ ሰው ጠርተን አብልተን፣ ዱዓ አስደርገን ሰደቃዋን እናወጣለን አሉና አንድ ወይፈን ለይተው አስቀመጡ።

ከወራት በኋላ ክልከላው ላላ። ወረዳው ብሩክ የሚባል ወጣት የጤና ባለሙያ ላከ። ሰው ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ሜዳው ላይ ተራርቆ ተቀመጠ። ብሩክ መሰብሰብ እንደተፈቀደ፣ ጥንቃቄ ካለ የሚያሰጋ ነገር እንደሌለ ከያዘው ወረቀት አነበበ። ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር። አባ እንድሪስ ግን ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«ልጄ፣ ያኔ በሽታው በወሬ ብቻ ሲሰማ ቤት ግቡ አላችሁን። ዛሬ የምናውቀው ሰው ሐይቅ ከተማ ታሞ ተኝቷል፣ ውጡ ትሉናላችሁ። የተለወጠው በሽታው ነው ወይስ ወረቀቱ?»

ብሩክ ማንም ባልገባው የባለሙያ ቋንቋ መለሰላቸው። አባ እንድሪስ ዘሀራን እንደቀበሩ፣ በእሷ ሰደቃ ሰበብ ግን ሌላ ሰው እንደማይቀብሩ ተናግረው ተቀመጡ።

እውነቱን ለመናገር እኔም አላመንኩትም። ብሩክን ወደ ጤና ኬላው ወሰድኩትና እናቱን እዚያ ሰደቃ ላይ ይልካት እንደሆነ ጠየቅሁት።

«አላውቅም እህቴ። በሽታው አልቀነሰም። ግን ሰው ቤት ሲውል ይራባል፣ ልጁን ማስከተብም ይተዋል። ሁለት ጉዳት አመዛዝነን ነው። ልክ እንሁን አንሁን ገና አልታወቀም።»

«ታዲያ ይኼን ለምን አልነገርካቸውም?»

«ባለሙያ አላውቅም ካለ ማን ይሰማዋል?»

«አሁንስ ማን ሰማህ?»

ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ተመልሶ ወጣ። ለእኔ ያለኝን ሳይቀንስ ነገራቸው።

አባ እንድሪስ «አብሽር ልጄ፤ እንዲህ ካልክማ እንመክራለን» አሉት።

እስኪመሽ ተመከረ። ሰደቃው ሜዳ ላይ እንዲሆን፣ በየጎጡ ተከፍሎ በሦስት ሐሙስ እንዲወጣ ተስማሙ። ሁሉም የራሱን ሳህን ይዞ ይመጣል። ደረቱን የሚያመው ቤቱ ይቆያል፣ ድርሻው ይላክለታል። ክርስቲያኖቹ ጎረቤቶች እንጨት ፈለጡ፣ ውሃ ቀዱ። ዱዓው ሲደረግ አባ እንድሪስ ያላለቀሱትን ለቅሶ አለቀሱ። እኔም ጭምብሌ እስኪርስ አለቀስኩ።

ከዚያ ትኩሳት መለኪያዬን ይዤ በየቀኑ ዞርኩ። ከሦስተኛው ሐሙስ በኋላ ሰደቃው ላይ የነበሩ አንድ ሽማግሌ አተኮሳቸው፣ ትንፋሽም አጠራቸው። አምቡላንስ ጠራሁ። ደሴ ብዙ ቀን ተኝተው ዳኑ። ከሰደቃው ይሁን ከገበያ የያዛቸው እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ገና ሆስፒታል ሳሉ ሚስታቸውን ልጠይቅ ሄድኩ። በሩን የሚዘጉብኝ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ደጅ ላይ የምቀመጥበት ዱካ አወጡልኝ።

«አላውቅም ብላችሁናል እኮ። አውቀን ነው የገባንበት» አሉኝ።

ዛሬ ለአዲስ ተመዳቢዎች ሥራ አሳያለሁ። የምነግራቸው አጭር ነው፤ የምታውቁትን ተናገሩ፣ የማታውቁትን አላውቅም በሉ። በማግሥቱም ተመልሳችሁ የምትሄዱት እዚያው ቤት ነው።