በሰኔ የበሰለ ወይን

"የማያውቁት አገር አይናፍቅም" ይላሉ። ይህን ያሉት ሰዎች ገብረወልድን አላገኙትም። ገብረወልድ ረግጦት የማያውቀው አገር ሲናፍቀው የኖረ ሰው ነው። ከአዲስ አበባ ከወጣ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ስለ አዲስ አበባ ብትጠይቁት "ደህና ናት" ብሎ ያልፋችኋል። ስለ አውስትራሊያ በረሃ የጠየቃችሁት ቀን ግን ጉዳችሁ ፈላ። ወንበር ስቦ፣ ስልኩን አውጥቶ፣ መነጽሩን ጠርጎ ነው የሚጀምረው። ሥራ ያለው ሰው ቶሎ ሰበብ ፈልጎ ቢነሣ ይሻለዋል።

አገሩን ያሳየው ታናሽ ወንድሙ አሸብር ነው። እናታቸው ስትሞት አሸብር ገና ስድስት ዓመቱ ነበር፤ ገብረወልድ አሥራ ሰባት። አብልቶም፣ አልብሶም፣ ሲያጠፋ ገርፎም ያሳደገው እሱ ነው። በኋላ ኑሮ ታላቁን ወደ ሮማ ወሰደችው፣ ታናሹን በኬንያ በኩል አዙራ አውስትራሊያ፣ አደሌድ የሚባል ከተማ ጣለችው። ከዚያ ወዲህ ዓይን ለዓይን አልተያዩም። አሸብር እዚያ ከሚስቱ ከሐይማኖት ጋር ይኖራል፣ ሚኒባስ ይነዳል፤ ወይን ሊቀምሱ የሚመጡ ቱሪስቶችን ከአንዱ የወይን እርሻ ወደ ሌላው ያመላልሳል። ዕረፍት ሲያገኝ ደግሞ የራሱን መኪና አስነሥቶ ወደ መሀል አገር፣ ወደ በረሃው ይነጉዳል።

ሲነጉድም ስልኩን ፊት ለፊት ሰክቶ እየቀረጸ ነው። "ጋሼ፣ ይኸውልህ መሬቱ። በርበሬ የተሰጣ አይመስልም? ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ነዳሁ፣ አንድ ሰው አላየሁም። ሰላም የምለው ባጣ ለካንጋሮዋ እጄን አነሣሁላት።" አንዳንዴ መኪናውን ያቆምና በደረቀ ወንዝ ውስጥ በእግሩ ይሄዳል። ጠጠሩ ጫማው ሥር ሲንኮሻኮሽ ይሰማል፣ ትንፋሹ ይሰማል፣ ሌላ ምንም አይሰማም። ሦስት ተሳቢ የሚጎትት ከባድ መኪና አቧራ አልብሶት ካለፈ ደግሞ እየሳለ ይስቃል። የአሸብር ሳቅ ረጅም ነበር፤ አንዴ ከጀመረ ቪዲዮው ያልቅበታል።

ገብረወልድም ዝም ብሎ ተቀባይ አልነበረም። እሱ ከሮማ ወጣ ብላ ካለችው ከፍራስካቲ ዝቅ ብሎ በሚገኝ አንድ ቪኛ፣ ማለት የወይን እርሻ፣ ሃያ ዓመት ትርፍ ሐረግ እየቆረጠ ወይን ሲገርዝ የኖረ ሰው ነው። የሚኖረው ሮማ ዳር ሮማኒና የሚባል ሰፈር ነው፤ ተስፎም ከሚባል፣ አማርኛን ትምህርት ቤት ከተማረ የአሥመራ ልጅ ጋር ቤት ተጋርቶ። እሁድ ከቅዳሴ መልስ አውቶቡስ ተሳፍሮ ከቪኛው ዳገት ሥር ይወርድና በእግሩ ወደ ላይ እየወጣ ይቀርጻል። "አሹ፣ ይህን ረድፍ የገረዝኩት እኔ ነኝ። እጅ ማለት ይኼ ነው። ያኛውን የገረዘው ሌላ ነው፤ እየው፣ አይጥ የበላው ነው የሚመስለው።"

የሁለቱ አገር ወራት ተገላቢጦሽ ናቸው። ገብረወልድ በጥር ብርድ ጣቱ ደንዝዞ እርቃኑን የቀረ ሐረግ ሲቆርጥ፣ አሸብር ጋ በጋ ነው፣ ዘለላው መቅላት ይጀምራል። ገብረወልድ በሰኔ ሙቀት ቅጠል ሲያሳሳ፣ አሸብር ጋ ብርድ ገብቶ ወይኑ ቅጠሉን አራግፎ ግንዱ ብቻ ይቆማል። "ጋሼ፣ የእኔና የአንተ ወይን በአንድ አልጋ በፈረቃ ነው የሚተኙት" ይለው ነበር።

አሸብር ሦስት ዓመት ለምኖ፣ ለምኖ በመጨረሻ አሳመነው። በመስከረም ገብረወልድ ሊሄድ፣ ወንድማማቾቹ የወይኑን አገር አቋርጠው፣ በረሃውን ይዘው ሁለት ሳምንት በመኪና ሊዞሩ ተስማሙ። ቪዛው ጥር መጨረሻ ላይ እጁ ገባ። ገብረወልድ ያን ቀን ተስፎምን ሳይቀር አቅፎ ሳመው፤ ማቀፍና መሳም የገብረወልድ ልማድ አልነበረምና ተስፎም ደነገጠ።

በሳምንቱ እዚያው ቪኛ ውስጥ መቀሱን እንደያዘ ደረቱን ጨምቆት ተቀመጠ። ሆስፒታል ተወሰደ፣ የልቡ ቧንቧ ውስጥ ሽቦ ገባለት። ሲወጣ ሐኪሙ ለልጁ ለቤዛ ለብቻዋ፣ "እንግዲህ ሲኞሪና፤ መድኃኒቱን ይውሰድ፣ በእግሩ ይሂድ፣ ድንጋጤ ግን በፍጹም" አላት። ቤዛ ሮማ የተወለደች ብቸኛ ልጁ ናት፤ መሀል ከተማ፣ ኤስኲሊኖ ሰፈር ተከራይታ ሆቴል ውስጥ ትሠራለች። ይህችን ቃል እንደ ሃይማኖት ያዘቻት። አይፈረድባትም።

ሦስት ሳምንት እንደሆነው ቤዛ መጥታ አጠገቡ ተቀመጠችና፣ "አባዬ፣ አጎቴ ሥራ ቀየረ" አለችው። "መሀል በረሃ ነው የገባው፤ የማዕድን ሠራተኞች ነው የሚያመላልሰው። ኔትወርክ የለም። ከተማ ሲወጣ ቪዲዮ እልካለሁ ብሏል።"

"ሳይነግረኝ?"

"ድንገት ሆኖበት ነው።"

ቪዲዮውም አልቀረም፤ በየእሁዱ መጣ። ቀይ አፈር፣ ማለቂያ የሌለው መንገድ፣ ጨው የለበሰ ሐይቅ፣ አሸብር "ጋሼ" እያለ። በረሃ ደግሞ ወር የለውም፤ ጥርም ሰኔም ያው ነው። ገብረወልድ እያየ ይስቃል፣ መልሱን ቀርጾ ይልካል። አራት ወር ሙሉ እንዲህ ሄደ።

ሰኔ አጋማሽ ላይ አንድ እሁድ፣ ከቅዳሴ መልስ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ የዕለቱን ቪዲዮ ከፈተ። በረሃ አልነበረም። ወይን ነበር፣ ረድፍ በረድፍ የቆመ ወይን፤ ቅጠሉ ለምለም፣ ዘለላው ጠቁሮ የተንጠለጠለ። አሸብር በአጭር እጅጌ፣ ፊቱ ላብ አውጥቶ፣ "ጋሼ፣ ነገ ለቀማ ይጀመራል። ቅመስ ብዬ ባጎርስህ ደስ ባለኝ" ይላል።

ገብረወልድ መጀመሪያ ደስ አለው። ዘለላውን አይቶ "አቤት ወይን" አለ ለራሱ። ከዚያ እጁ ስልኩ ላይ ቀረ። እንደገና አየው። ሦስተኛ ጊዜ አየው። ሃያ ዓመት ወይን የገረዘ ሰው ነው፤ በሌላ ነገር ቢያታልሉት በወይን አያታልሉትም። ሰኔ ላይ እዚያ አገር አንድ ቅጠል አይገኝም። የምን ለቀማ? የየትኛው ነገ?

ምናልባት አሮጌ ቪዲዮ ልኮ ይሆናል ብሎ ሊጽናና ሞከረ። በሕይወት ያለ ሰው ግን ለወይን ገራዥ ወንድሙ በሰኔ "ነገ ለቀማ ነው" ብሎ አይልክም። ያኔ የአራት ወሩ ነገር ሁሉ አንድ በአንድ ይታየው ጀመር። ካስትሮ ፕሬቶሪዮ፣ ሐበሾች የሚሰበሰቡበት ካፌ ሲገባ ወሬ ይቋረጣል። ዱሮ ገና ከበሩ "አሸብር እንዴት ነው?" የሚሉት ሴቶች፣ አሁን ስለ ጤናው ጠይቀው ስለ መድኃኒቱ ጠይቀው ስለ አሸብር ትንፍሽ አይሉም። እሱ በልቡ ምክንያት ያዘኑለት መስሎት ነበር። ሰው እኮ የሞተን ሰው ደህና ነው ወይ ብሎ አይጠይቅም፤ አፉ እምቢ ይለዋል።

ማታ ተስፎም ከሥራ ገብቶ እጁን ሲታጠብ ከኋላው፣ "ተስፎም፣ አሸብር ደህና ነው?" አለው።

ተስፎም ውሃውን አልዘጋም። "ደህና ናቸው እንጂ፣ ጋሽ ገብረወልድ። ዛሬ ቪዲዮ ልከውልዎት የለ?"

ገብረወልድ ስለ ቪዲዮ ለማንም አልተናገረም። "ልኳል" አለና ክፍሉ ገባ።

የሚቀጥለው ሳምንት የባሰ ነበር። መርዶ ወግ አለው። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ጎሕ ሲቀድ በር ተንኳኩቶ፣ "ተነሥ፣ እንዲህ ሆኗል" ተብሎ ነው ሰው የሚረዳው። ያልተረዳ ሰው አያለቅስም፤ ምን ብሎ ያለቅሳል? ስለዚህ ገብረወልድ በየቀኑ ገና ሳይነጋ ይነሣል፣ ጥቁር ሱሪውን ይለብሳል፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ በሩን ይጠብቃል። ይነጋል። ተስፎም ተነሥቶ ፊቱን ይታጠባል፣ "ቡኦን ጆርኖ፣ ጋሽ ገብረወልድ፣ መድኃኒትዎን ዋጡ?" ይለዋል፣ ይወጣል። ማንም አይመጣም። ገብረወልድም ሱሪውን ቀይሮ ወደ ቪኛ ይሄዳል። 

እሁድ ሲመጣ እንደ ልማዱ ዳገቱን ወጣ። ስልኩን አንሥቶ "አሹ" ሊል አፉን ከፈተ፣ አልወጣለትም። አራት ወር ሙሉ "አሹ" እያለ የቀረጸውን ሁሉ ማን ነበር የሚሰማው? ያ ሳቁ፣ ያ ጉራው፣ ለማን ነበር? ሐይማኖት ናት፣ የአሸብር ሚስት። ስልኩ በእሷ እጅ ነው። በየእሁዱ የባሏን አሮጌ ቪዲዮ እየፈለገች ስትልክ፣ እሱ ደግሞ ላዘነች ሴት ስለ ወይን ይቀልድላት ነበር። የበረሃው ቢያልቅባት ነው የወይኑን የላከችው። ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

ያን ዕለት ማታ ለተስፎም፣ "ነገ በመጀመሪያው አውቶቡስ አብረኸኝ ትሄዳለህ። ቤዛ ጋ መርዶ አለብን" አለው።

ተስፎም ማንኪያውን አስቀመጠ። "የማን መርዶ?"

"የአሸብር።"

ተስፎም ከመቀመጫው ተነሥቶ የገብረወልድን ጉልበት ለመሳም ጎንበስ አለ፤ ገብረወልድ በትከሻው ይዞ አቆመው። "አንተ ምን አደረግህ? ያሉህን አደረግህ። ተኛ፣ በማለዳ እንነሣለን" አለው።

በአውቶቡስ አናኛና ጣቢያ ደርሰው፣ የመጀመሪያውን ሜትሮ ይዘው ኤስኲሊኖ ሲወጡ ፀሐይ ገና መውጣቷ ነበር። በዓምድ በቆመው በረንዳ ሥር ያሉት ሱቆች አልተከፈቱም። አራት ፎቅ በእግር ወጡ፤ ገብረወልድ በየደረጃው አረፍ እያለ። በሩን ያንኳኳው ራሱ ነው።

ቤዛ ጸጉሯን በሻርፕ ጠቅልላ ከፈተች። አባቷን በጥቁር ልብስ፣ ተስፎምን ከኋላው አንገቱን ደፍቶ ስታይ፣ ወግ አታውቅም የሚሏት የሮማ ልጅ ወጉን አወቀችው። የበሩን እጀታ ለቀቀች።

"ልጄ" አላት ገብረወልድ፣ "ጠንከር በይ። አጎትሽ አርፏል።"

ቤዛ እሪ አለች። አራት ወር ያልወጣ ለቅሶ ነው፤ ሥራ ቦታ፣ ሜትሮ ውስጥ፣ እሱ ፊት አፍና የያዘችው። እሱም አቅፏት እዚያው ደፉ ላይ አብረው ቁጭ አሉ። ከድታ እንዳትሄድበት ይመስል በሁለት እጁ ያዛት። እየተንሰቀሰቀች ነገረችው። የካቲት ውስጥ ነው፤ ቱሪስቶቹን አድርሶ ብቻውን ሲመለስ መኪናው ከመንገድ ወጥቶ ተገለበጠ። አልቆየም።

"ይሁን" አለ ገብረወልድ፣ ጀርባዋን እየደባበሰ። "ይሁን እንግዲህ፣ ምን ይደረጋል።"

"አይደለም አባዬ፣ አልጨረስኩም።" ፊቷን ደረቱ ውስጥ ቀበረች። "እትዬ ሐይማኖት አሥራ አንድ ቀን አቆየችው። 'ታላቁ ሳይመጣ አላስቀብርም' አለች። ቄሱ ቢለምኗት እምቢ አለች። በየቀኑ ትደውልልኛለች፤ 'ነገርሽው? ተነሣ?' ትለኛለች። ቪዛ እንዳለህ ታውቃለች። በአሥራ አንደኛው ቀን 'አይመጣም፣ ቅበሩት' ያልኳት እኔ ነኝ። እንዳትሞትብኝ ብዬ ነው።"

ተስፎም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።  ጀርባዋን የሚደባብሰው የገብረወልድ እጅ ቆመ።

"ማን አፈር አለበሰው?" አለ በመጨረሻ።

"አብረውት የሚሠሩት ሾፌሮች።"

"ከእናቱ ቤት ማንም አልነበረም?"

"ማንም አልነበረም።"

ያን ጊዜ ነው ገብረወልድን ሳጉ የነቀነቀው። ድምፁ ወፍሮ ደረጃውን ሞላው፤ ከታች ፎቅ በር ሲከፈት ተሰማ። ቤዛ ደንግጣ ቀና አለች፣ በእንባዋ መሀል እጇን ደረቱ ላይ አድርጋ "አባዬ፣ ልብህን፣ ልብህን" አለችው።

እጇን ይዞ ከደረቱ ላይ ቀስ ብሎ አነሣው። "ተዪኝ ልጄ" አላት። "አልቀበርኩትም። አሁን እንኳ ላልቅስለት።"