የእባብ ጫጩቶች

እናቴ ከአዲስ አበባ ለሦስት ወር የመጣችው ስቶክሆልምን ለማየት አይደለም። ያለቻት የልጅ ልጅ አንዲት ናት፤ እሷም የእኔ ልጅ፣ እዚሁ ስቶክሆልም ዳር ፊቲያ ሰፈር ተወልዳ ያደገች፣ አማርኛ እየሰማች በስዊድንኛ የምትመልስ። "አንዴ በአማርኛ ታናግረኝና ከዚያ ብሞትም አይቆጨኝ" ትል ነበር እናቴ ገና በስልክ። ሻንጣዋን ይዛ ስትመጣም ሌላ ጉዳይ አልነበራትም።

ልጄ ግን ያን ሰሞን ልቧ እባብ ጋ ነበር። ጂምናዚየም፣ ሁለተኛ ደረጃውን፣ ጨርሳ ሥራ ትፈልጋለች ስል፣ ፎሬታግ፣ የራሷን ድርጅት፣ ከፍታ ቁጭ። እባብ አርብቶ መሸጥ! ብርቱካንማ፣ መርዝ የሌላቸው፣ ፈረንጅ እንደ ጌጥ ሳሎኑ የሚያስቀምጣቸው ዓይነት። አንድ ወንድና ሁለት ሴት ገዝታ መኝታ ቤቷን በመስታወት ሣጥን ሞላችው። ጮኼ ጮኼ ደከመኝ። "ሥራ ያዢ አላልሽም? ይኸው ያዝኩ" ነው መልሷ። ሻርሆልመን የሚባለው ሰፈር የእንስሳት ሱቅ ያለው ሰውዬ ደግሞ፣ የመጀመሪያዎቹ ጤነኛ ሆነው ከተፈለፈሉ ሁሉንም እወስዳለሁ፣ ከዚያ በኋላም ካንቺ ነው የምገዛው ብሏት ጭራሽ አበዳት። ወሬው ቤተ ክርስቲያን ሲደርስ ጓደኞቼ ቤቴ ብቅ ማለት ተዉ። አንዷማ ከቅዳሴ መልስ "ለሰይጣን ቀለብ ትሰፍሪለታለሽ አሉ" ብላ በሰው ፊት ሳቀችብኝ። እኔም የባሏን ስካር አንስቼባት ተለያየን።

እናቴ በመጣች በማግስቱ ፍሪዘር ከፈተችና በላስቲክ የታሸገ አይጥ አገኘች። ሁዳዴ ነበር። ላስቲኩን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ መጣች።

"ይኼ ምንድን ነው?"

"የእባቦቹ ምሳ።"

"እኛ ከሥጋ ተከልክለን እባብ ሥጋ ይበላል?" አለችና አማተበች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የልጄን ክፍል በር ሳታማትብ አታልፍም።

ልጄ አያቷ አጠገቧ ስትቀመጥ ትነሳለች። አንድ ቀን ራት ላይ ፊቷን አጨማዳ "ሆን ሉክታር" አለችኝ፤ ትሸታለች ማለቷ ነው። እናቴ እንደ ልማዷ ወደ እኔ ዞረች።

"ምን አለች?"

"ሻሽሽ ያምራል ነው የምትለው።"

እናቴ ሳምንቱን ሙሉ ያን ሻሽ ከራሷ ላይ አላወረደችውም። እኔ የምሠራው ሄምሻንስት ነው፤ ቀኑን ሙሉ በየቤቱ እየዞርኩ የሰው እናት አጥባለሁ፣ አበላለሁ፣ ጸጉር አበጥራለሁ። የራሴን እናት ከእባብ ጋር ቤት ዘግቼባት እወጣለሁ። ይህን ሳስብ የሚያናድደኝ ማን እንደሆነ እንኳ አላውቅም ነበር፤ ስለዚህ ሁሉም ላይ እቆጣለሁ።

ከፋሲካ በኋላ አንደኛዋ እባብ እንቁላል ጣለች። ቅርፊቱ እንደ ቆዳ ለስላሳ፣ እርስ በርሱ የተጣበቀ ነጭ ክምር ነው። ልጄ እንደ ነፍሰ ጡር ተጠንቅቃ ማሞቂያ ሣጥን ውስጥ ካስገባችው በኋላ እኔን በር ላይ አቁማ አስጠነቀቀችኝ፤ እንቁላሎቹ አይነኩም፣ እንደተጣሉ ነው መቆየት ያለባቸው፣ ከተገለበጡ ውስጡ ያለው ይሞታል። እሺ አልኩ። ለእናቴ መንገሩ ትዝም አላለኝ። በሩን እንኳ እያማተበች ለምታልፍ ሴት ምን ብዬ ልንገራት?

እናቴ ግን ልጅቷን ታይ ኖሯል። ልጄ ሣጥኑ ፊት ተንበርክካ ለብቻዋ ፈገግ ስትል፣ እናቴ ኮሪደር ላይ ቆማ ታያታለች። እባቡን ትታ ስለ እንቁላሉ መጠየቅ ጀመረች። "ጫጩቶቹ መቼ ነው የሚፈለፈሉት በያት" አለችኝ። ተረጎምኩላት፤ ልጄ "ጫጩት" የሚለውን ሰምታ ሳቀች። ለአያቷ የሳቀችው ያኔ ነው። እናቴ ያን ቀን ስትዘፍን ዋለች።

ሳምንታት አለፉ። አንድ ቅዳሜ ከክፍሉ የሆነ ሽታ መጣ። እንቁላሎቹ ቢጫ ሆነው ሰርጉደዋል፣ ሻጋታ ወርሷቸዋል። ልጄ አንዱን በመቀስ ከፈተችው። ውስጡ እንደ ክር የቀጠነ ነገር ተጠቅልሎ ሞቷል፤ ዓይን አውጥቶ ነበር። ሌላ ከፈተች፣ ያው ነው። ሁሉንም ከፈተች። ከዚያ መሬት ላይ ተዘርፍጣ እንደ ሕፃን አለቀሰች።

እናቴ ለቅሶውን ሰምታ መጣችና ሳታማትብ ዘው አለች። ጎንበስ ብላ የልጅቷን ጸጉር ዳሰሰች።

"አይዞሽ የኔ ልጅ፣ አታልቅሺ። ያንቺ ጥፋት አይደለም፣ እባቧ ናት ሰነፍ፤ ጥላቸው ሄደች እንጂ መች ታቀፈቻቸው? እኔ እንኳ እንደተጣበቁ ክምሩን ሳልበትን ነበር የማነሳቸው። በየጠዋቱ እናንተ ስትወጡ ስመ ሥላሴ ጠርቼ አገላብጣቸው ነበር። ዶሮም ስትሰንፍ እንዲሁ ነው የማደርግላት። ምንም አላጎደልኩባቸውም።"

ልጄ ቀና አለች። ለቅሶዋ ቆመ። ምን ሊመጣ እንደሆነ ገባኝና በስዊድንኛ ተዪ አልኳት፣ ለአንቺ ብላ ነው፣ አላወቀችም አልኳት። አላየችኝም። የአያቷን እጅ ከራሷ ላይ አነሳች፤ ዓይን ዓይኗን እያየች፣ ቀስ ብላ፣ አንድም ቃል ሳይሰበርባት በአማርኛ ተናገረች።

"አንቺ ነሽ የገደልሻቸው። ሁሉንም ገደልሻቸው። አገርሽ ግቢ።"

እናቴ ያቺን የማባበያ ፈገግታዋን ገና አላጠፋችም ነበር። እንደዚያው ፈገግ እንዳለች ወደ እኔ ዞረች።

"ምን አለች?" አለችኝ።